በዓል የሻረው ማነው

በረዶው የወረደው በሐምሌ ገብርኤል፣ ከቀትር በኋላ ነው። ወረደ ማለትስ ሲያንሰው ነው፤ ሰማዩ ተገለበጠ እንጂ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ጠቁሮ መጥቶ የቁሓ ከተማን ጣሪያ ሁሉ ሲቀጠቅጥ ቆየና፣ ሲያባራ የወይዘሮ ለተንሳኤ ግቢ እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ሆኖ ቀረ። ከሩቅ ያየው ሰው ጥጥ ይመስለው ይሆናል። ጥጥ ግን ቆርቆሮ አያጎብጥም።

ኡሙሰልማ አካፋ ይዛ የወጣችው የራሷ ጣሪያ ላይ አይደለም። ከወሎ መጥታ በዚያ ግቢ ተከራይታ ስትኖር ሁለቱንም ልጆቿን የወለደችው እዚያው ነው። አራስ ሳለች ገንፎ አገንፍተው ያበሏት አከራይዋ ወይዘሮ ለተንሳኤ ናቸው። እሷም እንደ አገሬው "ኣደይ" ብላ፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ ትጠራቸዋለች። ስለዚህ የኣደይ ጣሪያ ሲንቋቋ ስትሰማ ባሏን ሳሊህን መሰላሉን አስይዛ ወጣች፤ እሱ ከባድ ነውና ቆርቆሮው አይችለውም። በራሷ በር ውሃው ሲገባ ከላይ እያየች የሰው በረዶ ዛቀች። ጣቶቿ ደንዝዘው የእሷ አልመስል እስኪሏት ድረስ።

ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ግቢው ተሰብስቦ መዛቁ ሲጋመስ፣ ወሬው እንደ ልማዱ ወደ ድሮ በረዶ ዞረ። አንዱ በደርግ ጊዜ በሬ የገደለውን አነሳ። ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ኣበባ ደግሞ፣ እሷ በተዳረች ዕለት የወረደው ዳሱን ደርምሶት ሚዜዎቹ ድስት በራሳቸው ደፍተው እንደወጡ ተናገረች። ተሳቀ። ያልሳቁት ባሏ ኣቦይ ረዳኢ ብቻ ናቸው። ከሰፈሩ ጀርባ ያለችውን የገብስ ማሳቸውን አይተው መመለሳቸው ነው፤ በእጃቸው አንድ የተሰበረ አገዳ ይዘዋል።

"በዓል የሻረው ማነው?" አሉ።

ሳቁ ቆመ። በዚያ ሰፈር በረዶ ዝም ብሎ አይወርድም። በበዓል ቀን ያረሰ፣ ያጠበ ወይም የወቀጠ ሲኖር ነው የሚወርደው ይባላል፤ ገብርኤል ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

"ጠዋት ከዚህ ግቢ የሙቀጫ ድምፅ ሰምቻለሁ" ሲሉ ኣቦይ ረዳኢ፣ ዓይን ሁሉ ኡሙሰልማ ላይ አረፈ።

ወቅጣለች። አልደበቀችም። በርበሬው ግን የማን ነበር? ማለዳ ዛላውን በሰፌድ ይዘው የመጡት ወይዘሮ ለተንሳኤ እኮ ናቸው። "ጓለይ፣ ለእኔ በዓል ነው፤ ላንቺ ግን ምን አለብሽ?" ይህች ቃላቸው የዘወትር ናት። ልጄ ሲሏት ሆዷ ይባባል፤ እምቢ ብላ አታውቅም።

እናም ወደ ኣደይዋ ዞራ ጠበቀች። የፈለገችው አንዲት ቃል ነው። "በርበሬው የእኔ ነው" ይበሉ እንጂ ሰፈሩ የፈለገውን ቢያወራ ግድ የላትም፤ በሰው አገር እናት አለችኝ ብላ ትኖራለች።

ወይዘሮ ለተንሳኤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ይቅር በሏት" አሉ ለኣቦይ ረዳኢ። "የሰው አገር ሰው ናት፣ በዓል አታውቅም። ጧፉን እኔ ገዝቼ ለገብርኤል አስገባላታለሁ።"

"እንዲህ ያለች ደግ ሴት የት ትገኛለች" አለ ከሰዉ መሃል አንዱ።

የኡሙሰልማ ደም ፈላ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ መካድ ያለ ነው፤ የሰው ልጅ ይፈራል። ክዶ ሲያበቃ ደግሞ አማላጅ ሆኖ መመስገን ግን ምን ይባላል? ሳሊህ ክንዷን ያዝ አደረገና "ተይ፣ እንግዳ ነን። ሆድ ይፍጀው" አላት በሹክሹክታ።

ሆድ ሲፈጅ አይታለች። ልጅ ሳለች ወሎ ውስጥ በረዶ ማሽላውን ላጭቶት ሲሄድ፣ መንደሩ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ አባቷን አብዱሰመድን "በማርያም በሬ ጠምደሃል" አለው። አልጠመደም፤ በሬዎቹን የነዳቸው ውሃ ሊያጠጣ ነበር። ያለውን አንድ በግ በገዛ እጁ ጎትቶ ለቅጣት ሰጣቸውና ዝም አለ። እስኪሞት ድረስ በረዶ በወረደ ቁጥር መንደርተኛው ወደ እሱ በር ያይ ነበር። ኡሙሰልማ በጉን ረስታዋለች። ያን ዝምታ ግን ዛሬም ትጠላዋለች።

"የእኔን አይፈጀውም" አለችና ወደ ቤቷ ገባች።

ስትወጣ ሙቀጫውን ታቅፋለች። በረዶው ላይ ጧ አድርጋ አስቀመጠችው። "ይኸው የኣደይ በርበሬ፣ ግማሹ ገና አልደቀቀም።" ተመልሳ ገባች። "ይኸው የኣበባ አንሶላ፣ ጠዋት የታጠበ።" እንደገና ገብታ ውሃው የሚንጠባጠብ ከባድ ጋቢ ተሸክማ መጣች። "ይህን ደግሞ ኣቦይ ረዳኢ ያውቁታል። ለማርያም እንዲደርስልዎት ተብሎ ነው።"

ኣቦይ ረዳኢ ሚስታቸውን አዩ። ኣበባ መሬት መሬት አየች።

"በዓል አላውቅም?" አለች ኡሙሰልማ። "ከሁላችሁም በላይ አውቃለሁ። ቤቴ በሥራ የሚሞላው በዓል ሲሆን ነው።"

ኣቦይ ረዳኢ እርጥብ ጋቢያቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ወጡ፤ ሌላውም አካፋውን እያነሳ አንድ በአንድ ተከተለ። ግቢው ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ቀሩ።

"በሰው ፊት አዋረድሽኝ" አሉ ወይዘሮ ለተንሳኤ። "ያበላሁሽን ገንፎ ረሳሽው?"

"አልረሳሁም። ቤቴ ውሃ እየገባው የእርስዎን ጣሪያ የዛቅሁት ለምን ሆነና? 'የእኔ ነው' ማለት ይህን ያህል ያቅታል?"

"ሰው ምን ይለኝ ነበር?"

"እኔንስ ምን አሉኝ፣ ኣደይ?"

ወይዘሮ ለተንሳኤ ፊታቸውን አዞሩ። ኡሙሰልማ እንባዋ መጣባት፤ እንባዋም አናደዳት። "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እኔም አከብራለሁ" አለች። "ገብርኤልንም፣ ማርያምንም፣ ሚካኤልንም፣ ሥላሴንም። የሰፈሩ ገብስ በእኔ ምክንያት አይጥፋ።"

ወይዘሮ ለተንሳኤ አሾፈች ብለው አስበው ነበር። በማርያም ዕለት ግን ኡሙሰልማ የልጆቿን ልብስ እንኳ ሳታጥብ ደጃፏ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሳሊህ ውሃ ያፈረሰውን ቦይ ሊጠግን መዶማ ቢያነሳ፣ አስቀምጥ አለችው። ወይዘሮ ለተንሳኤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የተረፈውን በርበሬ በሙቀጫቸው ይዘው መጡ።

"ጓለይ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ "እርጥበት ገብቶታል፤ ዛሬ ካልተወቀጠ ይሻግታል።"

"ማርያም ናት፣ ኣደይ።"

"ዓመቱን ሙሉ ምን ልበላ ነው?"

"ማርያም ናት።"

አሁንም ያችን ቃል ቢሏት ትነሳ ነበር። ሌላ ሰው መስማት እንኳ አያስፈልግም፤ ለእሷ ብቻ፣ አጠፋሁ ቢሏት ይበቃታል። ወይዘሮ ለተንሳኤ ግራና ቀኝ አጥሩን ቃኙ። ሙቀጫውን አቅፈው ወደ ቤታቸው ገቡና በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

ትንሽ ቆይቶ መውቀጥ ተጀመረ። ከሥሩ ጨርቅ ነገር አንጥፈውበታል መሰለኝ፣ ድምፁ ታፍኗል፤ ታፍኖም ግን ይሰማል። ኣቦይ ረዳኢ በአጥሩ ጥግ ሲያልፉ ቆም አሉ። የተዘጋውን በር አዩ፣ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችውን ኡሙሰልማን አዩ። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ማን ሻረ ብለው አልጠየቁም።

"ሳሊህ" ብላ ተጣራች ኡሙሰልማ፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። "ሌላ ቤት ፈልግልን።"

ዘነዘናው ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።