ስልሳ ሁለት በመቶ

ስልሳ ሁለት በመቶ ላይ ይሞታል። ስልሳ አንድ ላይ ሞቶ አያውቅም፣ ስልሳ ሦስት ላይም ሞቶ አያውቅም። አረንጓዴው መስመር እየተሳበ፣ እየተሳበ ይመጣና እዚያች ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። ከዚያ «ፕሮግራሙ ባልታወቀ ምክንያት ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ባልታወቀ ምክንያት! ድንቄም። ይኸው አራተኛ ቀኔ።

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ሳሎናችን ጥግ ላይ፣ በመስኮቱና በፍሪጁ መሃል፣ ስሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኮምፒውተሩ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ጠዋት የእህቴ ነው፣ ከሰዓት የእኔ። ታላቄ ናት፣ እትዬ ነው የምላት። እሷ ደግሞ አርባ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ፀጉሬ ከፊት ሸሽቶ፣ እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የምትለኝ። ትለኝ ነበር ማለቴ ነው።

እትዬ ለልጆች ተረት ታነባለች። አንድ የልጆች መጽሐፍ አሳታሚ ሥዕሎቹን ይልክልናል። እሷ ታነባለች፣ የራሷን ድምፅ ራሷ ትቆራርጣለች፣ እኔ ደግሞ ሥዕሎቹን እያንቀሳቀስኩ ድምፁ ላይ አለብሳለሁ። ውሉ ዐሥራ ሁለት ተረት ነው። ዐሥራ አንዱ ተልኳል። የመጨረሻውን፣ የሰነፏን አይጥና የጎረቤቷን የጦጣ ተረት፣ አንብባ ቆርጣ በጨረሰች በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል ገባች። ጉሮሮዋ ውስጥ የነበረውን እባጭ ብቻ አይደለም ያወጡት፣ የድምፅ ሳጥኗንም አብረው አወጡት። አሁን አንገቷ ላይ ሻርፕ ታስራለች፣ ማለት የፈለገችውን ደብተር ላይ ትጽፋለች። ስትስቅ የሚስቀው ትከሻዋ ብቻ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ደንዝዣለሁ። ጥርስ ሊነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ከንፈሩን በጣቱ እየነካ የማን ይሆን እንደሚለው ነኝ። አላለቀስኩም። ሰው አይዞህ ሲለኝ እሺ እላለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የሰው ሙሽራ እቆራርጣለሁ። እትዬም ያው ናት። ሁለታችንም ቤት ውስጥ እንደ ተከራይ ነው የምንተላለፈው።

ሰኞ ዕለት ከአሳታሚው ቤት አዘጋጇ ደወለች። ጥሩ ሴት ናት፣ ክፋት የለባትም።

«ይረዱኝ፣ አርብ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ተጠቃሎ መግባት አለበት» አለችኝ። «ዐሥራ ሁለተኛው ካልደረሰ ዐሥራ ሁለቱንም ሌላ አንባቢ ያነባቸዋል።»

«ዐሥራ አንዱ እኮ አልቋል!»

«አውቃለሁ። ግን ልጆች መሃል ላይ ድምፅ ሲቀየርባቸው አይወዱም። እኔ አይደለሁም የወሰንኩት።»

ለእትዬ ነገርኳት። ደብተሩ ላይ «እንደፈለጉ» ብላ ጻፈችና ሳህን ልታጥብ ሄደች። ሳህኖቹ ግን ታጥበዋል። ቆማ ድጋሚ አጠበቻቸው። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። የስንት ቤት ሠርግ ዲስኬ ላይ አለ፣ የማላውቀው ሰው አክስት እልልታ ሳይቀር አለ። የእህቴ ድምፅ ግን ከእነዚህ ተረቶች ሌላ የትም የለም። ሌላ ሰው ካነባቸው እሷ ተናግራ እንደማታውቅ ነው የሚቆጠረው።

እንግዲህ ዐሥራ ሁለተኛውን ተረት ቪዲዮ አድርጎ ለማውጣት ሥራ ጀመርኩ። ሰኞ ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ የተጠራቀመውን ጊዜያዊ ፋይል በሙሉ ጠረግሁ። ስልሳ ሁለት። ማክሰኞ የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቼ ከፋኑ ላይ አንድ እፍኝ አቧራ አወጣሁ፣ ሙቀቱን ለካሁ፣ ደህና ነው። ስልሳ ሁለት። ረቡዕ የስክሪን ካርዱን ድራይቨር ወደ አሮጌው መለስኩ፣ የሥዕሎቹን መጠን ቀነስኩ፣ ፊደሎቹን ቀየርኩ፣ በሌላ ፎርማት እንዲያወጣ አዘዝኩት። ስልሳ ሁለት። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ። አንድ ጊዜማ ተነስቼ ጠረጴዛውን በጡጫ ስመታው እትዬ ከጓዳ ብቅ አለች። ጠረጴዛውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ተመልሳ ገባች።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ ሐሙስ ጠዋት ብሎንን ጠራሁት። ብሎን ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጣንለት ሲሠራ ብሎኖቹን ከንፈሩ መሃል ይዞ ስለሚያወራ ነው። ወሬው አይጣል ነው፣ ግን እጁ ሌላ ነው።

ገና ከመቀመጡ፣ «ምን ምን ሞከርክ?» አለኝ።

ዘረዘርኩለት። ፋኑን፣ ድራይቨሩን፣ ሥዕሉን፣ ፊደሉን።

«ድምፁንስ?»

«ድምፁ ምንም የለበትም።»

«ሰምተኸዋል?»

ብሎን አጎንብሶ ከጠረጴዛው ሥር አየና የስፒከሩን ገመድ አነሳ። ተነቅሏል። ሄድፎኔም መሳቢያ ውስጥ ነው። ሥዕሎቹን በሙሉ ያለበስኩት ድምፁን ዘግቼ፣ የድምፁን ጥርስ ጥርስ የመሰለ መስመር በዓይኔ ብቻ እየተከተልኩ ነው። ከሆስፒታል ከመጣን ወዲህ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። እንዳልሰማው ብዬ ነው አራት ቀን ሙሉ አቧራ ስጠርግ የከረምኩት፣ እውነቱ ይሄ ነው።

ብሎን ወደ ጓዳው ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ሲያደርግ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «ይግባኝ የለውም ወንድሜ፣ በሽተኛውን ለሁለት እንከፍለዋለን» አለ።

ዘዴው ቀላል ነው። የተረቱን ቅጂ ታወጣለህ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ትቆርጥና የመጀመሪያውን ብቻ አውጣ ትለዋለህ። ካለፈ በሽታው ሌላኛው ውስጥ ነው። ያንን ደግሞ ለሁለት ትከፍላለህ። እንዲህ እንዲህ እያልክ እስኪጠብ። የመጀመሪያው ግማሽ አለፈ። ሁለተኛው ሞተ። ለሁለት ከፈልነው፣ ሞተ። እንደገና ከፈልነው፣ ሞተ። ስድስት ጊዜ ያህል ከከፈልን በኋላ የቀረችው ጦጣዋ ዛፉ ላይ የምትተኛበት ቦታ ነች። ጥቂት ሰከንድ። ሥዕሉን አንስተን ሞከርነው፣ አሁንም ሞተ።

«ሥዕል አይደለም» አለ ብሎን። «ታች ውረድ።»

ወረድኩ። ከእትዬ ንባብ ሥር፣ ማንም ወርዶ የማያይበት ቦታ፣ ድምፁ የተዘጋ አንድ ጥቅል አለ። ስትጠቀልለው «የማይጠፋ» ብላ ስም ሰጥታዋለች። ከፈትኩት። ኮምፒውተሩ እያቃሰተ ሁለት ደቂቃ ቆየና ዘረገፈው። ሺህ አንድ መቶ አርባ ቁራጭ ድምፅ። አንዳንዱ ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም።

«ወይ ጉድ!» አለ ብሎን፣ አንድ ብሎን ከአፉ ወድቆ። «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ኤዲት ሳስተምራት ሁለት ነገር ነግሬያታለሁ። አንደኛ፣ የተበላሸ ድምፅ አታጥፊ፣ ዝጊውና ወደ ታች አውርጂው፣ አንድ ቀን ይፈለጋል። ሁለተኛ፣ አዲስ ተረት ስትጀምሪ ከባዶ አትነሺ፣ ያለፈውን ገልብጠሽ ስሙን ቀይሪው። እትዬ ደግሞ ያሏትን የምትሰማ ሰው ናት። ከመጀመሪያው ተረት ጀምሮ የተበላሸውን ወደ ታች ስታወርድ፣ ስትገለብጥ፣ ስታወርድ፣ ስትገለብጥ፣ ዐሥራ ሁለተኛው የዐሥራ አንዱን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ ቀርቷል። በዚያ ላይ እያንዳንዷ ቁራጭ ላይ እኔ ኋላ ያዘጋጀሁላት የድምፅ ማጥሪያ ተለጥፎባታል። ሺህ አንድ መቶ አርባ ማጥሪያ በአንድ ጊዜ ሥራ ሲባል የቤት ኮምፒውተር ምን ያድርግ።

«አጥፋውና ላክ» አለኝ ብሎን ዕቃውን እየሰበሰበ። ሌላ ቤት ይጠብቁታል። በሩ ላይ ሲደርስ «በርታ» ብቻ አለኝ። ብሎን እንኳን ወሬ ያጠረበት ቀን ነው።

ማጥፋት ነበረብኝ። አንድ ቁልፍ ነው። ግን ምን እንደሆነ ሳልሰማ አንድም ነገር አጥፍቼ አላውቅም፣ ሃያ ዓመት የለመደ እጅ እምቢ አለኝ። ስፒከሩን ሰካሁና ከላይ ያለውን የቅርቡን ቁራጭ ተጫንኩት።

ሳል ነው።

ቀጣዩም ሳል ነው። ቀጣዩም። ከዚያ «አይጢቱም ወደ...» ትላለች፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይቆማል፣ ሳል። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ከዚያ ለራሷ፣ ቀስ ብላ፣ «በቃ፣ በቃ፣ ከላይ ልጀምር።» ቁራጮቹ ቀን አላቸው። ወደ ታች ወረድኩ። ዐሥራ አንደኛው፣ ዐሥረኛው፣ ዘጠነኛው። ሳሉ እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አያልቅም። ስድስተኛው ተረት ላይ ደረስኩ፣ የዛሬ ዓመት ማለት ነው፣ አሁንም አለ። ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ኮሪደር ላይ አቁሞኝ፣ «ስድስት ወር ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ድምፁን እናተርፈው ነበር፤ ምንም ምልክት አልነበራትም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አልነበራትም አልኩት። ለአፍታ እንኳን አልተጠራጠርኩም። እኔ የምሰማው እሷ ቆርጣ ያጠራችውን ንባብ ነበር፣ በቀረው ሰዓት ደግሞ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ነው።

አበሳጨችኝ። እውነቴን ነው፣ ከወር በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር ንዴት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ስትስል ከርማ፣ እየቆረጠች ደብቃ! ለማን ብላ? ተነስቼ ጓዳ ገብቼ ልጮኽባት ነበር። ዞር ስል ከኋላዬ ቆማለች። እጇ እርጥብ ነው። መቼ እንደመጣች አላውቅም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት። «እትዬ፣ እየሰማሽው ነው? ለምን አልተናገርሽም? አፍ አልነበረሽም?»

ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። እሷ ፊቷን አልለወጠችም። ጎንበስ አለች፣ ማውሱን ከእጄ ወሰደች፣ ከስድስተኛው ተረት ቁራጮች መሃል እየፈለገች ወረደች። የት እንዳለ ታውቀዋለች። አንዱን ተጫነችው።

መጀመሪያ ሳል። ከዚያ የእሷ ድምፅ፣ ያ ሙሉው፣ ከማይክሮፎኑ ዞር ብላ፦

«ማሙሽ፣ እስቲ ስማኝ። ድምፄ አልሻከረም? ሁለት ሳምንት ሆነው እኮ። ሐኪም ዘንድ ልሂድ ይሆን?»

ከዚያ ከሩቅ፣ ከፍሪጁ አካባቢ፣ የሆነ ነገር እያኘከ የሚናገር ሰው፦

«ኧረ ምንም አይደል! እሱን እኔ አጠራዋለሁ፣ ማጥሪያ እሠራልሻለሁ። ይልቅ ቶሎ ጨርሺና ኮምፒውተሩን ልቀቂልኝ።»

«እሺ።»

ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል። ያልቃል።

ሰውዬው እኔ ነኝ። አላስታውሰውም። አፈር ስሆን፣ አንዲት ቃል ብትሆን ትዝ አትለኝም። ምን እያኘክሁ እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት እንደነበረ፣ ፊቷን አይቼ ይሁን ሳላይ፣ ምንም። ማጥሪያውን መሥራቴን ግን አስታውሳለሁ፣ በጣም ጥሩ ማጥሪያ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ስለ ሰው ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«እትዬ» አልኳት።  ይቅር በይኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ ያ ማደንዘዣ መልሶ ያዘኝ። እግሬ ሥር ያለውን ገመድ አየሁ። 

እሷ ደብተሯን አወጣች። «አጥፋውና አውጣው» ብላ ጻፈች።

ቅጂ አስቀመጥኩ። ከሚላከው ላይ ጥቅሉን አጠፋሁት። አውጣ አልኩት። ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። ስልሳ፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሦስት። ትንፋሿ በሻርፑ ሥር ሲገባና ሲወጣ እሰማለሁ። መቶ ሲሞላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጥነው። አንዲት ሳል የለችበትም፣ አንዲት መሻከር የለችበትም። አንዲት ጤነኛ ሴት አይጧንና ጦጣዋን ታስቃለች። ላክሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አዘጋጇ መልእክት ላከች፦ «ደርሶናል። ዐሥራ ሁለቱም በእሳቸው ድምፅ ይወጣሉ። እንዴት ያለ የጠራ ድምፅ ነው!»

መልእክቱን ለእትዬ አሳየኋት። አነበበች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችና ደብተሩ ላይ ጽፋ ፊቴ አደረገችው።

«ስምንት ሰዓት ሆነ። ኮምፒውተሩን ውሰድ፣ ተራህ ነው።»

ፊቷን አየሁ። አሽሙር ፈለግሁ፣ ትንሽ ምሬት፣ የሆነ ነገር። ቢኖር እገላገል ነበር። የለም። ከልቧ ነው፣ ሥራ እንዳይበዛብኝ ነው። ወንበሩን ለቀቀችልኝ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ተቀመጥኩ።