አንድ ጉንጭ ወይን

ፍረወይኒ ባሏን ቤት ጥላው ብትሄድ ይሻላት ነበር። ግን እስቲ እሷስ ምን ታድርግ? ያለፈው ጊዜ ቤት ጥላው ለቅሶ ስትሄድ፣ ሃብተአብ “ዳቦ ልግዛና መጣሁ” ብሎ ወጥቶ በሦስተኛው ቀን ከስታዲየም ጀርባ፣ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ ነው የተገኘው። ከዚያ በኋላ ነው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተንበርክኮ፣ የአምስት ዓመት ልጁን አናት ይዞ፣ “ሁለተኛ መጠጥ ጉሮሮዬን ቢያልፍ ሰምሃል ትሙት!” ብሎ የማለው።

ወይ አባት! በስንቱ መማል ሲቻል በልጅ ይማላል? ፍረወይኒ ያን ቀን ሰውነቷ ቀዘቀዘ። ነገር ግን መሐላው ያዘው። ዓመት ከአራት ወር ጠብታ አልቀመሰም። ሰንጋ ተራ ጎሚስታ ቤቱ ውሎ ጎማ ጎማ እየሸተተ ይገባል፤ እሷም ያን ሽታ ከሽቶ አስበልጣ ወደደችው።

እሷ ካዛንቺስ አንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነች። በ2006 ዓ.ም. ቤቱ የአገር ውስጥ ወይን በብርጭቆ መሸጥ ጀመረ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ እጸገነት ግን ተቃጠሉ። “ማለቴ፣ እንግዳ ስለ ወይኑ ሲጠይቃችሁ ‘በኮካ ላድርግልዎ በስፕራይት?’ ትላላችሁ! አዋረዳችሁኝ እኮ!” አሉ። ስለዚህ ሠራተኛው እሑድ በሚኒባስ ሁለት ወይን የሚሠራባቸው ቦታዎች ሄዶ ቀምሶ ይማር፣ ባለትዳር የትዳር ጓደኛውን ይዞ ይምጣ ተባለ።

ፍረወይኒ ሁለት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ባሌ አይጠጣም ብትል፣ “ለምን?” የሚል ጥያቄ ይመጣል። ነገሩ አንዴ ከአፏ ከወጣ ደግሞ ምግብ ቤቱን አዳርሶ ነው የሚያድረው። ብቻውን ጥላው እንዳትሄድ እሑድ ጎሚስታ ቤቱ ዝግ ነው። በቃ፣ ዓይኔ ሥር ይሁን አለች።

“ቀምሰው ይተፉታል አሉ፤ መሐላህን አይነካም፣” አለችው።

“ጉሮሮዬን ካላለፈማ ምን አለበት!” ብሎ ሳቀ። ሰምሃልን ለጎረቤታቸው ለሸዋአየሁ ሰጥተው ወጡ።

የመጀመሪያው ቦታ ፋብሪካ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ብርጭቆውን አዙሩ፣ አሽትቱ፣ አፋችሁ ውስጥ አንከባሉ፣ ባልዲው ውስጥ ትፉ እያለ አሳያቸው። “ስምሽ ፍረወይኒ ሆኖ ወይን አታውቂም?” ብሎም ቀለደባት። ሃብተአብ የቀረበለትን ሦስት ዓይነት ወይን አንድም ሳያስቀር ተፋ። ከሩቅ እያነጣጠረ ባልዲው መሐል ሲያስገባ አጨበጨቡለት። ፍረወይኒ በደስታ ሰው ፊት እጁን ያዘች፤ ያን ካደረገች ስንት ዘመኗ!

ሁለተኛው በዝዋይ መንገድ የአቶ ገብረጻድቃን የወይን እርሻ ነው። ሽማግሌው ተክለው፣ ለቅመው፣ ጠምቀው፣ ራሳቸው ነው የሚቀዱት። ባልዲ የሚባል ነገር የለም። ቴዎ የሚባለው የምግብ ቤቱ አሳላፊ እንደተማረው አንከባሎ መሬት ላይ እንትፍ ሲል፣ ሽማግሌው ክው አሉ።

“ልጄ፣ ስድስት ዓመት የለፋሁበትን ነው ፊቴ የምትተፋው?”

የሁሉም ሰው አንገት ተደፋ። ከዚያ ወዲያ ማን ይተፋል? ሽማግሌው ብርጭቆውን ግጥም አድርገው ሞልተው ሃብተአብ ዘንድ ደረሱ። “በሞቴ!” አሉት። “በሞቴ ልጄ፣ ከእጄ!”

ሃብተአብ ሚስቱን አያት። ሐኪም ከልክሎታል ብትል ይበቃ ነበር፤ አንዲት ቃል። ነገር ግን ወይዘሮ እጸገነት እያዩ ነው፣ ሽማግሌው ቆመው እየለመኑ ነው፣ ይሉኝታ አንቆ ያዛት። ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

“ቅመስላቸው እንጂ፣ ትልቅ ሰው አታሳፍር። አንድ ጉንጭ ምን አላት?”

ቀመሰ። ማንቁርቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል በዓይኗ በብረቱ አየች። “ተባረክ!” አሉት ሽማግሌው። እሱ ወዲያው ወደ ወይኑ ሐረግ ጀርባ ዞር ብሎ ተመለሰ። ሌላው ሰው ሚኒባስ ሲሳፈር ደግሞ አቶ ገብረጻድቃንን ልሰናበት ብሎ ቆየ፤ ሲመጣ የወይን ቅጠል ያኝካል።

መንገዱን ሁሉ ሲያስቃቸው መጣ። “ባልሽ እንዲህ ተጫዋች ነው እንዴ?” አሉ ወይዘሮ እጸገነት እንባቸውን እየጠረጉ። ፍረወይኒ ይህን ጨዋታ ታውቀዋለች፤ ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያደርስም ታውቃለች።

ከሰፈራቸው አጠገብ ባምቢስ ጋ ሲወርዱ ገና አልጨለመም። ሚኒባሱ እስኪርቅ ጠብቃ፣ “ዋጥከው አይደል?” አለችው።

“ምኑን? ዞር ብዬ ተፋሁት እኮ። ሰምሃል ትሙት!”

ዘላ አፉን በመዳፏ ከደነችው። “ስሟን አትጥራ! በማርያም፣ ስሟን አትጥራ!”

እጇን ቀስ አድርጎ ከአፉ ላይ አነሳው። “አንቺ አይደለሽ እንዴ ቅመስ ያልሽኝ?” አለ። ቁጣ የለበትም፤ ምነው በተቆጣ! “በይ ቅደሚ፣ ዳቦ ልግዛና መጣሁ።”

እጅጌውን ያዘችው፤ አስለቀቃትና ሄደ። ዳቦ ቤቱ ከጀርባቸው ነበር። እሱ የሄደው ወደ ስታዲየም ቁልቁል ነው።

ሸዋአየሁ ቤት ስትደርስ ሰምሃል ስትሮጥ መጣች። “አባዬስ?”

“ዳቦ ሊገዛ ሄዷል።”

ባለፈው ጊዜ ሃብተአብን ሦስት ቀን አብራት የፈለገችው ሸዋአየሁ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ድስት መሬት አስቀመጠች። ፍረወይኒ ተንበርክካ የልጇን ግንባር ዳሰሰች። ቀዝቃዛ ነው። አንገቷን ዳሰሰች፣ እንደገና ግንባሯን።

“ምን ሆኜ ነው፣ እማዬ?”

“ምንም አልሆንሽም፣ የኔ ልጅ፤ ደህና ነሽ፣” አለች ፍረወይኒ። እጇን ለማንሳት ግን ፈራች።