እምቢ ያላለው ወንድሜ

በከተማው ካሉ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ሁሉ እኔን የሚያህል አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ስሜን ሰምቶ ገና በልጅነቱ ሌላ ሙያ ይዟል። የሃያ ሺህ ሰው ካርድ ዐይኔን ጨፍኜ አወጣለሁ። በሽተኛው ገና በሩ ላይ ሆኖ ሲስል፣ በሳሉ ብቻ ለይቼ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አኖርለታለሁ። የክሊኒካችን ዋና ነርስ ሲስተር ግን «ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነው፤ ሃያ ሺህ ከየት አመጣህ?» ትላለች። ሲስተር ቁጥር እንጂ የነገር ለዛ አታውቅም።

ብርዱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ክሊኒካችን አንድ የማይቀር ሥራ አለው። ደረታቸው የማይታመን፣ ልባቸው የደከመ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ስም በዝርዝር ይወጣና ለእያንዳንዳቸው ይደወላል። ምክሩ አጭር ነው፤ ቤታችሁን በቀን አንዴ አናፍሱ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ባይጠማችሁም ውሃ ጠጡ፣ ትኩሳቱ ሦስት ቀን ካለፈ ቤት አትቀመጡ፣ ከሁሉ በፊት ግን የጉንፋን ክትባታችሁን ኑና ተከተቡ። ከየስሙ ጎን ሦስት ባዶ ሳጥን አለ፤ «ይመጣል»፣ «መምጣት አይችልም»፣ «እምቢ ብሏል»። መምጣት ለማይችለው ሲስተር ራሷ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዛ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። እምቢ ያለውን ግን ማንም ደግሞ አይነዘንዘውም፤ ሰው በገዛ ገላው ጌታ ነው።

ስልኩን በየዓመቱ የምትደውለው ሲስተር ነበረች። ያን ዓመት ግን «አንቺ በሳምንት የምትጨርሽውን እኔ በአንድ ጠዋት እጨርሰዋለሁ» ብዬ ፎክሬ ወሰድኩባት። የሰው ብዛቱ አራት መቶ ነበር፤ በሲስተር አቆጣጠር አንድ መቶ አርባ።

እውነት ለመናገር፣ እንደዚያን ዕለት አድርጎ በስልክ የተናገረ ሰው የለም። ምክሩን ደረቁን አልሰጥም፤ አጅቤው ነው።

«እማማ፣ ዶክተሩ እኮ የእርስዎን ደኅንነት ሳይሰማ ውሃ አይጎነጭም!» አልኳቸው አንዲትን አሮጊት።

«ምነው ልጄ፣ አሁን ውሃ ጠጡ ስትለኝ አልነበር? መጀመሪያ ለእሱ ንገረው እንጂ» ብለው ዘጉብኝ። ግን መጡ፤ ተከተቡም።

ስልሳ ሰባተኛው ስም ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ታላቅ ወንድሜ ነበር።

ወንድሜ አናጺ ነው። አርባ ዓመት የሳበው የእንጨት ብናኝ ደረቱ ውስጥ ጎጆ ሠርቷል፤ ጉልበቱም ደረጃ አያስወርደውም። በመካከላችን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «እንደምን አደርክ» የለም። ልጁ የተመረቀች ዕለት ነው ነገሩ። ዐውሎ ነፋስ የክሊኒካችንን ጣሪያ ሊወስደው ሲል ብቻዬን በሁለት እጄ ይዤ እንዳቆየሁት ለእንግዶቹ እያወጋሁ፣ ሰዉ አፉን ከፍቶ እያደመጠኝ፣ ወንድሜ ከማዶ ጮኾ «ጎበዝ! የእሱን ወሬ በአስር እያካፈላችሁ ስሙ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፍቶ «አካፍል» ሆኜ ቀረሁ። ዶክተሩ ሳይቀር «አካፍል፣ እስቲ የእኚህን እናት ካርድ አምጣ» ይለኛል። ሽማግሌ ገባ፤ ወንድሜ «ታናሼ ነው፣ እሱ ይቅደም» አለ፤ እኔ «የተዋረድኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ይቅደም» አልኩ። በዚያው ቀረ።

እና ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ምን ልበለው? «ከክሊኒክ ነው» ብል እንኳ ድምፄን ያውቀዋል። ተንበርክኮ መጣልኝ ይላል። ስልኩን አስቀመጥኩት። አነሳሁት። አስቀመጥኩት።

ይህን ጊዜ ሲስተር ገባች። «ምነው ዝም አልክ? የአንተ ዝምታ እኮ የሕመም ምልክት ነው።»

«ለወንድሜ ደውዬ ነው» አልኳት ሳላስበው።

ፊቷ በራ። «ተነጋገራችሁ? ተመስገን! ምን አለህ?»

እዚህ ላይ «ገና ነው» ማለት ይቻል ነበር። ምላሴ ግን መንገድ ከጀመረ መመለስ አያውቅም። «ምን ይላል! ‹የእኔ ደረት ብረት ነው፤ መርፌውን ዶክተሩ ራሱን ይውጋበት› ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።»

«እሱ? ያ ጨዋ ሰው?»

«ሲስተር፣ አንቺ የምታውቂው ሲታከም ነው። እኔ ነኝ አብሬው ያደግኩት።»

«እኔ ልደውልለት?»

«እንዳታደርጊው! ይብስበታል።»

ሲስተር ተነፈሰች። «እግሩ ስለማይችል ማክሰኞ ቤቱ ልሄድለት አስቤ ነበር። እንግዲህ ፈቃዱ ነው» አለች። እኔም አገር በሚያደንቀው የእጅ ጽሑፌ «እምቢ ብሏል» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ።

ያን ዓመት ብርዱ አልቀለደም። በአምስተኛው ሳምንት የክሊኒኩ ስልክ ጮኸ፤ አነሳሁት። የወንድሜ ልጅ ነበረች። በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገረችኝ እንዲህ ብላ ነው፦ «አጎቴ፣ አባዬ ትንፋሽ አጠረው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ምን ላድርግ?»

ሆስፒታል ገባ። አስራ ስድስት ቀን በኦክስጅን ተኛ፤ ይህን ቁጥር አልጨመርኩበትም። በአስራ ሁለተኛው ቀን ሲስተር ካፖርቷን ለብሳ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። «ተነስ፤ ልንጠይቀው ነው። ሞት መሃላችሁ እስኪገባ ነው የምትጠብቀው?»

ወንድሜ አልጋው ውስጥ ጠፍቶ ነበር። የዚያ ሁሉ በርና መስኮት ጌታ፣ አንሶላው ሥር ቢፈለግ የማይገኝ ሆኗል። ልጁ ገና ሲስተርን ስታይ ተነሳችባት።

«ዘንድሮ ምነው ረሳችሁት? በየዓመቱ ትደውሉ አልነበር? ስልኩን ከትራሱ ሥር አድርጎ እኮ ነው የጠበቃችሁ! ‹እኔ ልደውል አባዬ› ስለው ‹ተይ፣ ይደወላል› እያለ!»

ሲስተር ደነገጠች። ወደ እኔ ዞረች። «ተደውሎለታል እኮ የኔ ልጅ። እሱ ራሱ ነው እምቢ ያለው። አይደለም እንዴ?»

እዚያ ክፍል ውስጥ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ አመሰግነው ነበር። ልጁ አየችኝ፤ ሲስተር አየችኝ። ወንድሜም አየኝ፤ እሱ ብዙ ቆየ። ከዚያ የኦክስጅኑን ጭምብል በሁለት ጣቱ ከአፉ አንስቶ፣ በየቃሉ መሃል አየር እየለመነ ተናገረ።

«ልክ ነው። ደውሎልኛል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አባዬ!»

«ሽማግሌ ሲጃጃል... አይተሽ አታውቂም?» አለና ጭምብሉን መለሰ።

ስንወጣ ሲስተር ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «ይቅር በለኝ፤ ተጠራጥሬህ ነበር። የሚመጣውም ዓመት ስልኩ የአንተ ነው» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የመረረኝ ምስጋና የለም።

ወንድሜ ዳነ፤ ዳነ ከተባለ። ከአልጋ እስከ ወንበር ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያርፋል። መጋዝ ከእንግዲህ አይነካም። በወሩ ልጠይቀው ስሄድ የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ግማሽ የተላገ በር ግድግዳ ተደግፎ አየሁ፤ ያዘዘው ሰው መጥቶ ሳያልቅ ሊወስደው ነው ተባለ።

ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ልጁ ውሃ አምጥታልኝ ወደ ጓዳ ገባች። ወንድሜ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በመሃላችን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ዘንድሮ የሚደውለው አንተ መሆንህን ሰምቼ ነበር» አለ በቀስታ። «ደስ አለኝ። ‹ይደውልና ምክሩን ይንገረኝ፤ እኔም በዚያው ስለዚያን ዕለት ይቅርታ እለዋለሁ› ብዬ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አንተ ቀደምክ እንድትባል፣ እኔም ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ እንድሆን። ለሁለታችንም የሚበቃ መስሎኝ።»

«ጋሼ...»

«ቆይ፤ ትንፋሼ አጭር ነው። እዚያ ሰው ፊት የዋሸሁልህ እንጀራህ እንዳይሄድ ነው። አሁን ማንም የለም፤ ልጄም አትሰማም። እኔ አልቆጣም። ደውለህልኝ ነበር ወይ?»

እላችኋለሁ፣ አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ወንድሜ ትንሽ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ ልክ በልጅነታችን የተነቃነቀ ጥርሴን ሊያይ አፌን ሲከፍት እንደነበረው ሆኖ፣ ይጠብቀኛል።

«ሦስቴ ደወልኩ» አልኩት። «ሦስቴም አላነሳህም።»

«ሦስቴ» አለ።

ስልኩን አነሳው። ያላነሳውን ጥሪ ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ የሚያስቀምጥ ስልክ ነው። አልከፈተውም፤ ኪሱ ከተተው።

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው» አለና ወደ ጓዳው ድምፁን ከፍ ለማድረግ ታገለ። «ልጄ! አጎትሽ ሊሄድ ነው፤ በሩን ክፈችለት።»

እኔ እሄዳለሁ አላልኩም ነበር።