ግራው የእኔ፣ ቀኙ የአባባ

የመኪናችን ፍሬቻ ከሞተ ከራርሟል። ጋራዥ ልውሰዳት ባልኩ ቁጥር አባባ አይሆንም ይላሉ። አምፖል ይቃጠላል፣ ፊውዝ ይቀልጣል፣ እጅ ግን ሰው እስኪሞት ይሠራል ባይ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸውና ማን ይከራከራቸዋል?

የዓይን ሐኪሙ መንዳት ከከለከላቸው ወዲህ ሹፌራቸው እኔ ነኝ። ሹፌር ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ ጋቢና ቁጭ ብለው የሚነዱት እሳቸው ናቸው። መሪው እኔ ጋ ነው፣ ጭቅጭቁ እሳቸው ጋ። ፍሬቻው እንደሞተ ሥራ አከፋፈሉን፤ ወደ ግራ ስንታጠፍ እኔ በመስኮቴ እጄን እዘረጋለሁ፣ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ እሳቸው በመስኮታቸው ይዘረጋሉ። ምልክት ማሳየት ያለበት ሹፌሩ ብቻ ነው ብላቸው በዚያ በደከመ ዓይናቸው ገላመጡኝ። ለመገላመጥ ሲሆን አይደክምም።

እውነቱን ለመናገር የእሳቸው ምልክት ከእኔ ያምራል። ክንዳቸው ቀጥ ይላል፣ መታጠፊያው ሳይደርስ ቀድሞ ይወጣል። አጥርተው ባያዩም መንገዱን በጉድጓዱ ያውቁታል። ችግሩ እጃቸው አርፎ አለመቀመጡ ነው። ዝናብ መጀመሩን ለማወቅ ይወጣል። አዲስ ሕንፃ ለማሳየት ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለሰላምታ ይወጣል። የከተማው ግማሽ መንዳት የተማረው ከእሳቸው ስለሆነ ክላክስ በሰሙ ቁጥር ተማሪዬ ነው ይላሉ። ከኋላችን ያለው ሰው ወዴት ልትሄዱ ነው ብሎ በንዴት ይነፋል፤ አባባ ፈገግ ብለው እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ሰውዬው ይብስበትና ደግሞ ይነፋል። እንዴት ቢወደኝ ነው ይላሉ አባባ። እኔ መሪውን ጨምድጄ ጥርሴን አፋጫለሁ።

ለወንድሜ ደውዬ ብነግረው ታገሻቸው አለኝ። ከሩቅ ሆኖ ትዕግሥት የሚመክር መቼም አይጠፋም።

ባለፈው ሳምንት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ወደ ግራ ልታጠፍ እጄን ዘርግቻለሁ። ልክ ያኔ አንድ ሰው ከእግረኛ መንገድ ላይ «ጋሼ!» ብሎ ተጣራና አባባ በቀኝ በኩል ክንዳቸውን አወጡ። ከኋላ የሚመጣው ሚኒባስ ሁለት እጅ አየ፤ አንዱ ግራ ይላል፣ አንዱ ቀኝ። የቱን ይመን? ቀኙን አመነና በግራዬ ሊያልፍ ገባ። ፍሬን ያዝኩ። የጎን መስታወቴን ገንጥሎት ሄደ፤ እጄን ለጥቂት ሰበሰብኩት እንጂ እሱንም አይምረውም ነበር። አባባ አንገታቸውን አውጥተው፣ ይሄን ምልክት የማያውቅ ማን ነው ያስተማረው እያሉ ጮሁበት። መልሱ ከአፌ ደርሶ ተመለሰ።

በነጋታው አባባ ጋደም ሲሉ ጠብቄ መኪናዋን ጋራዥ ወሰድኳት። የተበጠሰው አንድ ሽቦ ነው። የገዛሁት ሻይ ሳይበርድ ሥራው አለቀ። ያን ሁሉ ጊዜ የተቃጠልኩት ለዚህ ነበር።

ትናንት ለዓይናቸው ቀጠሮ ወጣን። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አባባ መስኮቱን ከፍተው ክንዳቸውን ሊያወጡ ሲሉ ፍሬቻውን አበራሁት። ቸክ ቸክ ማለት ጀመረ። እጃቸው መስኮቱ ጫፍ ላይ ቆመ።

«ተሠራ?»

«ተሠራ፣ አባባ።»

«የቀኙም?»

«የቀኙም።»

እጃቸውን አስገብተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና መስኮቱን ዘጉ። ጭቅጭቅ ጠብቄ፣ የምመልሰውንም ሁሉ አሰናድቼ ነበር። እሳቸው ግን ማርሽ ሳንቋቋ እንኳ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከጭቅጭቃቸው የበለጠ አናደደኝ። ምን አጠፋሁ? ሰው ገድለን እንዳናርፈው ብዬ አይደል?

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ የጋቢናውን በር ከፈትኩላቸው። አልፈውኝ ሄዱና የኋላውን በር እጀታ በዳበሳ አግኝተው ገቡ።

«አባባ፣ ምን ሆኑብኝ? ጋቢና ይግቡ እንጂ።»

«ግድ የለሽም፤ እዚህ ይመቸኛል።»

«በፍሬቻው ተቀይመው ነው? መልሼ ላስፈታው?» ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እንዳታደርጊው። ያለ ፍሬቻ የሚነዳ ተማሪ እኔም አላሳልፍም ነበር።» የመቀመጫውን ቀበቶ በእጃቸው ሲፈልጉ ቆዩ። «ሐኪሙ ሲከለክለኝ መንዳት ያቆምኩ መስሎሽ ነበር አይደል? ያቆምኩት ዛሬ ነው፣ ልጄ።»

ትክክል የሠራሁት እኔ፣ የምቃጠለውም እኔ። ጎንበስ ብዬ ቀበቶውን አሰርኩላቸውና ባዶውን ጋቢና ዘጋሁት።