ተይዟል

ታላቅ እህቴ የሕፃናት ሐኪም ናት። ሆስፒታሏን ከተቀረው ዓለም የሚያገናኘው አንድ ቀጭን መስመር ነው፤ የዚያን መስመር ቀጠሮ የምቆጣጠረው ደግሞ እኔ። ሰፊ ኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ሲስተሙ ይመድብለታል፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ማንም አይነካበትም።

እህቴ ከሰዓት በኋላውን የጠየቀችው ለአንዲት ጨቅላ ነበር። የልቧን አልትራሳውንድ በቀጥታ አይቶ መድኃኒቷን የሚወስነው ስፔሻሊስት ዛሬውኑ ወደ ውጭ ይበራል። ያለ እሱ ቃል መድኃኒት መጀመር ቁማር ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ ደወለች።

«ሚጡ፣ ምነው ጉድ ሠራችሁኝ? መስመሩን ለማን ሰጣችሁት?»

«ለአንቺ ነዋ!»

«‹ተይዟል› ይላል እኮ! ሰርዤ ሌላ ሰዓት ብሞክር እሱም የለም አለኝ።»

ቃሉን የመረጠው አለቃዬ ነው። «ተይዞልዎታል» ቢል ምን ነበረበት? ረዘመብኝ አለ። እህቴም ሽንት ቤት በር ላይ እንደሚነበበው አነበበችው።

የሰረዘችውን ሰዓት ሲስተሙ ወዲያው ለተጠባባቂ ሰጥቶታል፤ ሆስፒታሉ ባለበት ከተማ ሆቴል ውስጥ ለተሰበሰበ የአክሲዮን ድርጅት።

«የጀመረ ቀጠሮ አይነቀልም» አለ አለቃዬ። «ባለቤቱ ካልለቀቀ የእኔም እጅ አይደርስም።»

«እጅዎ የደረሰበት ቃል ነው ይህን ያመጣው።»

በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ ሞከረ፤ ሲስተሙ እሱንም መለሰው።

ለድርጅቱ ደወልኩ።

«የኔ እህት፣ የሚለቁት ሰብሳቢው ብቻ ናቸው» አለች ጸሐፊዋ። «እሳቸው ደግሞ ሻይ ላይ ናቸው።»

«ስርጭታችሁን እያየሁት ነው። ባዶ ወንበር ነው የምታሳዩት!»

«ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ፣ እሺ?»

እህቴ በቀረችው ጭላጭ መስመር ምስሉን ላከች። ስፔሻሊስቱ ጥቂት ታገሠ። «ይሄ ፎቶ ነው፣ ዶክተር» አላት። «እኔ ምቱን ነው የምፈልገው።» ከዚያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መኪና መጣ፤ ሄደ። ስልኩም ተዘጋ።

ስብሰባው ሲያበቃ እህቴ እንደገና ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«እናትየው አጠገቤ ናት። ‹መስመሩ መቼ ይለቀቃል?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ስክሪኔ ላይ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበር።