ካሜራውን የያዘችው ሴት

«ሴትዮዋን ላጥፋት?»

የቪዲዮ ቤቱ ምንተስኖት ይህን ያለው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ነው። ጌታነሽ አልገባትም። ከአጠገቡ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ወገቧን እንዳያማት ጋቢዋን አጣጥፋ ከጀርባዋ ደግፋ፣ ስክሪኑ ላይ የአክስቷን የአየለችን ፊት እያየች ነበር።

«የቷን ሴትዮ?»

«ይቺን ከኋላ የምታወራዋን። ካሜራውን የያዘችውን። ሰዉ ይናገራል፣ እሷ እሺ። ሰዉ ይናገራል፣ እሷ እሺ። ሌላ ቃል አታውቅም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ጋሽ ባዘዘውም ድምፁን እንዳለ አጥፍተህ ዘፈን ጫንበት ነው ያሉኝ። ያው ለድግስ ስለሆነ ድምቀት ያስፈልገዋል።»

«እኔ ነኝ» አለች ጌታነሽ።

«ምኑ?»

«ሴትዮዋ።»

ምንተስኖት ዞሮ አያትና የሚገባበት ጠፋው። «ውይ እትዬ! ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ምኑን አውቄ!»

«ምን አጠፋህ? እኔም ድምፄን አላወቅሁትም።»

እውነቷን ነው። ያ ለመታዘዝ የሚቸኩል ቀጭን ድምፅ ከሷ ጉሮሮ ወጥቷል ብላ ለማመን ተቸግራ ነበር የቆየችው። ዛሬ ድምፅዋ ጎርንኗል፤ ፊቷም ከድምፅዋ ጋር አብሮ ሄዷል።

የቪዲዮ ካሴቶቹ ሦስት ናቸው። የዛሬ ሰባት ዓመት ከቤይሩት ለሁለት ወር ዕረፍት መጥታ ሳለ ራሷ ያነሣቻቸው ናቸው። ካሜራውን ለወንድሟ ለባዘዘው ትታለት ተመለሰች፤ እሱም ወዲያው ሸጠው። ካሴቶቹን የሚገዛ ስላልነበረ ሳጥን ውስጥ ቀሩ። አሁን የባዘዘው የበኩር ልጅ እሑድ ክርስትና ሊነሣ ሆነና ታወሱ። አማቶቹ ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ፤ ድንኳኑ ውስጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ይቆማል፤ «የቤተሰባችን ታሪክ» ይታያል፤ ለየዘመዱም አንዳንድ ሲዲ ይታደላል። አይ ባዘዘው! ለዘመድ ሲሆን እጁ አይሰስትም። «አንቺ መቼም ሥራ የለሽም፤ ሄደሽ ቁጭ ብለሽ አስገልብጪ» ብሎ ካሴቶቹን በፌስታል አስያዛት።

ኮምፒውተር ፈጣን ነው ሲባል ትሰማ ነበር። ለካ ካሴት ሲገለበጥ መፍጠን ብሎ ነገር የለም፤ የአንድ ሰዓቱ ካሴት ሙሉ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እንግዲህ ከጠዋት ጀምሮ ከመሐል ሜዳ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው በዚህች ጠባብ ቪዲዮ ቤት፣ በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ብርድ እግሯን እያደነዘዘው፣ የራሷን ዘመዶች አንድ በአንድ እያየች ነው።

አክስቷ አየለች ብቅ ትልና ሻሿን አስተካክላ «ለኔ ጥቁር ሹራብ፣ ወፍራሙን፣ ደግሞ የጉልበት መድኃኒት» ትላለች። ከኋላ «እሺ» ይላል ድምፁ። የአጎቷ ልጅ ሬዲዮ ይፈልጋል፤ ባለ ሁለት ካሴቱን። «እሺ።» ጎረቤቷ የሴት ልጇን ስም ታስጽፋለች፤ «እዚያው ከተቀጠርሽበት ሥራ ፈልጊላት» ትላለች። «እሺ፣ እሺ።» ባዘዘው ገና ጢሙ ሳይበዛ፣ እዚሁ መሐል ሜዳ ከወጣው የቤት መሠረት ላይ ቆሞ እጁን ይዘረጋል። «እታለም፣ ይኸውልሽ! ይቺ ሳሎን፣ ይቺ ጓዳ፣ ይቺ ደግሞ ያንቺ ክፍል። ፀሐይ የሚገባባትን ነው የመረጥኩልሽ። አሁን ቆርቆሮውን ብቻ ነው የምንጠብቀው።» «እሺ የኔ ጌታ።»

ያን ጊዜ እታለም ነበር የሚላት። አሁን ጌታነሽ ነው የሚላት፤ በሚስቱ በእየሩስ ፊት ሲሆን ደግሞ «እሷ»።

አባታቸው አቶ ፈንታ ብቻ ምንም አልጠየቁም። ቀየት ከሚባለው ገጠር ባለው ቤታቸው ግድግዳ ሥር በርኖሳቸውን ደርበው ተቀምጠው፣ ካሜራውን እንደ እንግዳ ሰው አቀርቅረው ሰላም አሉት። «ለኔ አንቺ ደህና ግቢልኝ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?» አሉ። ጌታነሽ እዚህ ላይ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። አባቷ ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው። ሲቀበሩ አልነበረችም፤ የቤይሩቷ እመቤቷ አልለቅም አለቻት።

«እስካሁን እርስዎ አንድም ቦታ የሉም» አለ ምንተስኖት፤ ያፈረውን ለመካስ ይመስላል አነጋገሩ ለስልሷል።

«አለሁ፤ ሦስተኛው ላይ አለሁ። ነጭ ቀሚስ ለብሼ ባዘዘው አንሥቶኛል።»

እውነቱን ለመናገር፣ ከጠዋት ጀምሮ ወገቧን እያመማት የተቀመጠችው ለዚህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ስታገለግል ከፓስፖርቷ በቀር ፎቶ አልነበራትም፤ እሱንም እመቤቲቱ ነበረች የምትይዘው። አምና በሰው ሸክም ከአውሮፕላን ስትወርድ የመጣችው በአንድ ሻንጣ ነው። ያን ጊዜ፣ ወገቧ ሳይሰበር፣ ጉንጯ ሳይጎድል ምን እንደምትመስል ማየት አማራት። ይኼን ያህል ብትመኝ ምን ይገርማል?

ከዚያ በቀር የቀራት ነገር ያቺ ፀሐይ የሚገባባት ክፍል ነበረች። እሷንም ባለፈው ሳምንት ባዘዘው ጉሮሮውን ጠራርጎ ጠየቃት። «የእየሩስ እናት መጥተው ሊከርሙ ነው። እስከዚያ አንቺ ቀየት አክስታችን ዘንድ ብትሆኚስ? አየሩም ይሻልሻል።» የቀየት አየር ለተሰበረ ወገብ ይሻላል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቤቱ በሱ ስም ነው፤ እሷ ባሕር ማዶ ስለነበረች። ሽማግሌ ላስቀምጥ ብትል ምን ብላ ትክሰሰው? ገንዘቡን እኔ ላክሁ ትበል፤ እሱም ድንጋዩን እኔ ተሸከምሁ ይላል፤ መሸከሙም ሐሰት አይደለም። እሷም ያለችው፣ ያው የለመደችውን፣ «እሺ» ነው።

ሦስተኛው ካሴት ገባ። የቀየት አውድማ ታየ፤ ገብስ ተወቅቶ ያለቀበት፣ በግ የተሰማራበት። ድምፅዋ «በል እስቲ እኔንም አንድ ጊዜ አንሣኝ። ቀዩን ስትጫን ይጀምራል፤ መልሰህ ስትጫን ያቆማል» አለ። ጌታነሽ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ምስሉ ተናወጠ፤ የባዘዘው አውራ ጣት መጣ፤ ቋ! ተቋረጠ።

ቀጥሎ የታየው ሣር ነው። የረገፈ ገብስ የተበተነበት ሣር፤ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ። አንዳንዴ የጫማ ጫፍ ብቅ ይልና ይጠፋል።

«የት አለሁ?» አለች።

ምንተስኖት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ይኼማ የሁሉም ሰው ስሕተት ነው። እርስዎ ሳያጠፉት ሰጧቸው። እሳቸው ማስጀመራቸው መስሏቸው ቀዩን ሲጫኑ አጠፉት። አንሥተው ሲጨርሱ ደግሞ ማጥፋታቸው መስሏቸው አስጀመሩት። እርስዎን ሲያነሡ ካሜራው ተኝቶ ነበር ማለት ነው። አሁን እጃቸው ላይ ተንጠልጥሎ መሬት እያነሣ ነው። ብልሽት ነው፤ እቆርጠዋለሁ።»

ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፈገግ ብላ፣ ጸጉሯን አስተካክላ የቆመችው ለባዶ ካሜራ ነበር! ጌታነሽ ሳቅ መጣባት፤ የሚያም ሳቅ። ልትነሣ ወንበሩን ስትደገፍ ግን ሣሩ ተናገረ።

«አባባ፣ ስጦታውን ልታመጣ ቤት ገባች። እስክትመጣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለ የባዘዘው ድምፅ።

«በል።»

«መመለስ አለባት። እርስዎ ይንገሯት፤ የኔን አትሰማም።»

«አልሄድም አለች እኮ። ትናንት ማታ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ» አሉ አቶ ፈንታ።

«ቆርቆሮው ሳይመጣ? ግድግዳውን ክረምቱ ይበላዋል አባባ! ትንሽ ዓመት ብትታገሥ ምን ትሆናለች?»

ሣሩ ተወዛወዘ። ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ፤ አምፖሉም ጠፋ።

«መብራት ኃይል!» ብሎ ምንተስኖት ጠረጴዛውን መታ። «ያውም ሥራ መሐል። እትዬ፣ ይሂዱ፤ ስመለስበት ከዚህ ወዲያ ያለውን እጀምራለሁ። ሣሩ ምን ያደርጋል?»

«የሣሩን መጨረሻ ሳልሰማ አልሄድም» አለች። መልሳ ተቀመጠች።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶች «ዘመሮ! ዘመሮ!» ይጮኻሉ። ጌታነሽ አባቷን ታስብ ነበር። ያን ዕረፍቷን ጨርሳ በመሄጃዋ ዋዜማ አባቷ ጠርተዋት «ሂጂ ልጄ፣ እግዜር ይከተልሽ» ነበር ያሏት። ምንም እንዳላወቁ ቆጥራ፣ እንዳይጨነቁም ብላ፣ እመቤቲቱ በካውያ የተኮሰቻትን ክንዷን ሁለት ወር ሙሉ በረጅም እጅጌ ሸፍና ደብቃቸዋለች። ባለማወቃቸውም ሁልጊዜ እግዚአብሔርን ታመሰግን ነበር።

ስልኳ ጮኸ። ባዘዘው ነው።

«አለቀ?»

«መብራት ሄዷል።»

«ዘፈኑን እንዳይረሳ ንገሪው። እና ጌታነሽ፣ የእየሩስ እናት እሑድን አልጠበቁም፤ ዛሬ ማታ ይገባሉ። እቃሽን ብታወጣጪው ጥሩ ነበር። ምን ያህል ነው እቃሽ፣ አንድ ሻንጣ አይደል?»

«አንድ ሻንጣ ነው።»

«በቃ እሱን ጓዳ ታስገቢዋለሽ። ክርስትናውን አይተሽ ትሄጃለሽ እንጂ ማን ያባርርሻል!» ብሎ ሳቀና ዘጋው።

መብራቱ የመጣው ፀሐይ ወደ ሞላሌ መንገድ ካዘነበለች በኋላ ነው። ምንተስኖት ካሴቱን መለሰው። አውራ ጣቱ መጣ፤ ሣሩ መጣ፤ ቆርቆሮው፣ ግድግዳው፣ ክረምቱ። መብራት የጠፋበት ደረሰ። ከዚያ ወዲያ የአባቷ ድምፅ ቀስ ብሎ «እጇን አይተኸዋል?» አለ።

«የቱን እጇን?»

«ክንዷን። ስታስታጥበኝ እጅጌዋ ከፍ አለባት። በካውያ የተተኮሰ ነው። ያውም በስሕተት አይደለም፤ ሁለት ቦታ ነው። ሰው በሰው ልጅ ላይ እንዲህ ያደርጋል?»

የባዘዘው ጫማ ጫፍ ገብሷን ገፋ ገፋ አደረጋት። «አይቻለሁ» አለ በመጨረሻ።

«አይተህ ነው ሂጂ የምትላት?»

«አባባ፣ ከጠየቋት ትናገራለች። ከተናገረች ደግሞ እርስዎም እኔም ሂጂ የምንልበት አፍ አይኖረንም። ቤቱም እንዳለ ይቀራል። አለማየት ይሻላል። ዝም ይበሉ፤ መጣች።»

ሣሩ ቆመ። አባትየው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«እሺ» አሉ።

ከሩቅ የጌታነሽ ቀጭን ድምፅ «አነሣኸኝ? አማርኩ?» ሲል ተሰማ። «ቆንጆ ሆነሽ ወጥተሻል እታለም!» አለ ባዘዘው። ከዚያ ካሜራውን ተቀብላው ኖሮ ምስሉ ቀና አለና እንደገና በጎቹ ታዩ።

ምንተስኖት እጁን ከመዳፊቱ ላይ አነሣ። የቪዲዮ ቤት ሰው ብዙ የሰው ገመና ያያል፤ ቢሆንም ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ጌታነሽ ቀኝ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አየችው። ጠባሳው ዛሬ ነጥቷል። አባቴ አላወቀም ብላ ሰባት ዓመት ተጽናንታ ነበር። ያቺንም መጽናኛ ወሰዱባት። የባዘዘውንስ መቼም ትችለዋለች፤ የአባቷን «እሺ» ግን ምን ታድርገው? በሞተ ሰው ላይ እንዴት ይቆጣል? ከዓይኗ እንባ አልወጣም፤ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

«እትዬ፣ ይኼን ልቁረጠው» አለ ምንተስኖት በለሆሳስ። «የሰው ድግስ ነው። አማቶች አሉ፣ ቄሶች አሉ...»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ነው የምትጭነው?»

«አዎ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።»

«ጫነው። አክስቴም ሲናገሩ ጫንበት፣ የኔንም እሺ አጥፋው፤ ደስ ይበላቸው፣ ያጨብጭቡ። ሣሩ ላይ ስትደርስ ግን ዘፈኑን አቁምልኝ። ሣሩ እንዳለ፣ ድምፁ እንዳለ ይታይ። ከበጎቹ ላይ እንደገና ትጀምረዋለህ።»

ምንተስኖት ጸጉሩን አከከ። «ጋሽ ባዘዘው ይቆጡኛል እኮ።»

«እሷ ናት ያዘዘችኝ በላቸው። እሷ ማናት ካሉህ ካሜራውን የያዘችው በል።»

ምንተስኖት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረና ሥራውን ጀመረ። ዘፈኑን በመዳፊቱ ጎትቶ ጫነው፤ ሣሩ ላይ ሲደርስ ቆረጠው፤ ክፍት ቦታ ተወ። ጌታነሽ አንገቷን አስግጋ አረጋገጠች። ሲዲዎቹ ተራ በተራ ሲጻፉ ቆመች፤ ወገቧን ቢቆርጣትም አልተቀመጠችም። በየፊታቸው «የባዘዘው ፈንታ ቤተሰብ» ብሎ ጻፈባቸውና በፌስታል ሰጣት።

«ለእርስዎስ አንድ ላውጣልዎት?»

«እኔማ ሰምቼዋለሁ።»

ገና ከበሩ ሳትወጣ ስልኳ ጮኸ።

«አለቀ?» አለ ባዘዘው። ከኋላው የድንኳን ካስማ ሲመታ ይሰማል።

«አልቋል።»

«ዘፈኑ ገባ? አማረ?»

«አምሯል።»

«ጎበዝ! በይ ቶሎ ነይና ክፍሉን ልቀቂላቸው፤ ሴትዮዋ ዘመሮ ደርሰዋል።»

ጌታነሽ ፌስታሉን በጋቢዋ ውስጥ ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«እሺ» አለች።