የደህንነት ክፍል

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሀብተ ማርያም ከሥልጠና በተመለሱ ቁጥር መምህርት ወይንሀረግን ራሷን ያማታል። ዘንድሮ ይዘውት የመጡት ደግሞ «ስሜታዊ ደህንነት» ነው። ተማሪ ሲከፋው የሚያርፍበት ክፍል ይኑር ተባለ። ሐሳቡን ወዳዋለች፤ ልጅ በዱላ ይማራል የምትል አይደለችም። የጠመኔው ዕቃ ቤት ተጠርጎ ቀለም ተቀባ፤ ፍራሽና አሻንጉሊት ገባበት። ከዚያ በሩ ላይ በትልልቁ «የደህንነት ክፍል» ተብሎ ተለጠፈ። ወይ ጉድ!

እንግዲህ እዚህ ልደታ፣ ያውም ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ደህንነት ሲባል ሲቪል ለብሶ በር የሚያንኳኳ ሰው ትዝ እንደሚል ሕፃን እንኳ ያውቃል። ወይንሀረግ ገና በመጀመሪያው ቀን ተናግራ ነበር። እሳቸው ግን ቃሉ ከሥልጠናው የተገኘ ንጹሕ አማርኛ መሆኑን አስረድተው ሸኟት። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት፤ ልጆቹ ሳይውሉ ሳያድሩ «ደህንነት ነው የማስገባህ» እየተባባሉ ይዛዛቱ ጀመር። ይባስ ብሎ የሒሳቡ መምህርም ዛቻውን ተቀበላቸው። ክፍሉ ውስጥ አንድም ልጅ ገብቶ አያውቅም።

ዛሬ በወይንሀረግ ክፍለ ጊዜ መርሃዊት አለቀሰች። አራተኛ ክፍል ናት፤ ዝምተኛ። አባቷን አቶ አብርሃን ከደህንነት ነን ያሉ ሰዎች ከቤት ወስደዋቸው፣ እሳቸው የተመለሱት ከወራት በኋላ ነው። ጮክ ብላ ስታነብ ልጆቹ ሳቁባትና ዴስኩ ላይ ተደፋች። አቶ ሀብተ ማርያም በኮሪደሩ ሲያልፉ አዩዋት፤ ክፍሉ በመጨረሻ ሰው ሊያገኝ ነው ብለው ደስ አላቸው። ገብተው ጎንበስ አሉና፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው፣ ነይ ደህንነት ልውሰድሽ አሏት። ልጅቱ ወለሉ ላይ ወርዳ የዴስኩን እግር በሁለት እጇ አቀፈች።

የወይንሀረግ ትዕግሥት አለቀ።

«እባክዎ ይተዉአት። የአባቷን ነገር ነግሬዎት የለም እንዴ?»

«እኔ እኮ ላጽናናት ነው። ክፍሉ ውስጥ ከአሻንጉሊት በቀር ምን አለ? እስቲ ራሷን እንጠይቃት» አሉና ወደ መርሃዊት ዞሩ። «ምኑን ነው የፈራሽው፣ የኔ ልጅ?»

መርሃዊት እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች።

«እማዬ ለአባዬ እንዳደረገችው፣ ለእኔም ምሳ ታመላልስልኛለች?»

አቶ ሀብተ ማርያም ቀና አሉ። ወጥተው ጽሑፉን በጥፍራቸው ሲልጡት እስከ ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። ወይንሀረግ ከልጅቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የትም አትሄጂም ብላ ማለችላት። መርሃዊት ግን እናቷ ወይዘሮ አሰፋሽ መጥተው በስሟ እስኪጠሯት ድረስ የዴስኩን እግር አልለቀቀችም።